ማጣሪያ ከመግዛታችን በፊት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በወላጆችና በእንግዶች ፊት የተነበበ ንግግር)



 በእንደዚህ ያለ በዓል ስለ ዕውቀት ታላቅነትና ስለ አገር ፍቅር መናገር የተለመደ ነው። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ግን ተመካክረን የመረጥነው አርእስት ዝቅ ያለ የሚመስል ነው፤ ይኸውም በየቤታችን የምንጠጣው ውኃና የምንተነፍሰው አየር ነው። ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ውኃ የሚቆየው ጥቂት ቀን፣ ያለ አየር የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ የመሰለው አርእስት የሕይወት መሠረት ሆኖ ይገኛል።

ዛሬ በየከተማው ገበያ የውኃ ማጣሪያና የአየር ማጣሪያ የሚባሉ ዕቃዎች በልዩ ልዩ መልክና ዋጋ ይሸጣሉ። ሻጩ ሁሉ የእኔ ዕቃ ሁሉን ያጠራል ይላል። የቤቱ አባወራና እመቤት ደግሞ ለልጆቻቸው ጤና ሲሉ ከጉሮሮአቸው የቆጠቡትን ገንዘብ ይዘው የትኛውን እንግዛ ብለው ይጨነቃሉ። እኛ ለማስረዳት የምንፈልገው ነገር በአጭር ቃል ይህ ነው፦ ሁሉን የሚያጠራ ማጣሪያ የለም። ሐኪም በሽታውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ፣ እንዲሁ ጠላቱን ሳያውቅ ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ከዚህም የባሰ አለ፤ ሳይጠበቅ ተጠብቄአለሁ ብሎ ይተኛል።

ይህ ነገር ለእናቶቻችን አዲስ ትምህርት አይደለም። በቤታችን ገለባን ከእህል የሚለየው ሰፌድ ነው፤ ልሙን ዱቄት ከሻካራው የሚለየው ወንፊት ነው፤ ጠጅን ከአተላው የሚለየው ማጥለያ ጨርቅ ነው። ዱቄት በሰፌድ ልንፋ የምትል እመቤት አልታየችም። እያንዳንዱ ዕቃ ለሚለየው ነገር መጠን የተበጀ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በውኃና በአየር ማጣሪያም ሕጉ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚለየው ነገር በዓይን የማይታይ መሆኑ ብቻ ነው።

ማጣሪያ ሰውን ምን ያህል እንደሚያድን ለመረዳት በታሪክ የታወቀ አንድ ምሳሌ እናንሣ። (በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1892 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሐምቡርግ በምትባለው ታላቅ የወደብ ከተማ ኮሌራ ገባ። ሐምቡርግ ከኤልበ ወንዝ የቀዳችውን ውኃ ሳታጣራ ለሕዝቧ ታድል ነበር። ጎረቤቷ አልቶና ደግሞ ከዚያው ወንዝ፣ ያውም የሐምቡርግ ቆሻሻ ከወረደበት ከታች በኩል ትቀዳ ነበር። ነገር ግን አልቶና ውኃዋን በአሸዋ እያጣራች ታድል ነበር። በሐምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ በአልቶና በሽታው ሊስፋፋ አልቻለም። ሁለቱን ከተማዎች አንዲት መንገድ ብቻ በምትለይበት ስፍራ እንኳ በሽታው በሐምቡርግ በኩል ያሉትን ቤቶች ሲያጠቃ፣ ማዶ ያሉት የአልቶና ቤቶች ዳኑ። ሮበርት ኮኽ የተባለው ሊቅ ይህን መርምሮ ለዓለም አስረዳ። በመንገዱ ግራና ቀኝ አየሩ አንድ ነበር፤ ወንዙም አንድ ነበር፤ ልዩነቱ አሸዋው ብቻ ነበር።

እንግዲህ በውኃ ውስጥ የሚገኙትን ጠላቶች ከትልቁ ወደ ትንሹ እየዘረዘርን ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ማጣሪያ እንመልከት።

አንደኛው በጨርቅ የሚያዝ ጠላት ነው። የጊኒ ትል የሚባለው በሽታ በኩሬ ውኃ ውስጥ በምትኖር በጣም ትንሽ የውኃ ነፍሳት ተሸክሞ ወደ ሰው ሆድ ይገባል፤ ከዓመት ያህል በኋላም ረጅም ትል ሆኖ የሰውየውን እግር ቀድዶ ይወጣል። በአገራችንም የጋምቤላን ሕዝብ ሲያሠቃይ ኖሯል። ለዚህ በሽታ ክትባትም ሆነ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ቢሆንም በ1986 ዓ.ም. በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል የነበረው የሕመምተኛ ቍጥር በ2023 ዓ.ም. ወደ 14 ሰዎች ወርዷል። ይህም የሆነው በአብዛኛው ሰዎች ውኃቸውን በደቃቅ ጨርቅ አጥልለው እንዲጠጡና ሕመምተኞች ወደ ኩሬ እንዳይገቡ በማስተማር ነው። የአንድ ቁራጭ ጨርቅ ኃይል ይህን ያህል ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ነፍሳቲቱ ከጨርቁ ቀዳዳ ስለምትበልጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በሸክላና በአሸዋ የሚያዘው ነው። የተቅማጥ፣ የታይፎይድና የኮሌራ ባክቴሪያ ስፋታቸው የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ ያህል ነው፤ ስለዚህ በነጠላ ማጥለል አያግዳቸውም። አሜባና ጃርዲያ ከእነዚህ ተለቅ ቢሉም እነርሱም በነጠላ አይያዙም። ለእነዚህ ሁሉ የሚስማማው ደቃቅ ቀዳዳ ያለው የሸክላ ማጣሪያ ነው። በ1981 ዓ.ም. በጓቲማላ ፈርናንዶ ማሳሪዬጎስ የተባሉት ሊቅ ድሃ ቤተ ሰብ ሊገዛው የሚችል ማጣሪያ ከተራ ጭቃ ሠሩ። አሠራሩም ጭቃውን ከሰጋቱራ ጋር አቡክቶ እንደ እንስራ ቀርጾ መተኰስ ነው፤ ሰጋቱራው በእሳት ሲቃጠል ውኃ ቀስ ብሎ የሚያልፍበት ደቃቅ ቀዳዳ ይተዋል፤ በመጨረሻም ጀርም የሚገድል ጥቂት ብር ይቀባል። ጭቃው በአገራችን አለ፤ እጁም አለ። ሸክላ ሠሪን ንቆ ማራቅ ካለፈው ዘመን ከወረስናቸው ክፉ ልማዶች አንዱ ነው። ሥራው በባለሙያ እየተፈተነ እንዲሠራ ቢደረግ ግን፣ የተናቀችው ሸክላ ሠሪ የመንደሩን ሕፃናት ከሞት የምታድን ሐኪም ልትሆን ትችላለች።

ሦስተኛው ከሸክላም የሚያመልጠው ነው። በ1884 ዓ.ም. የፓስተር ባልደረባ ሻርል ሻምበርላን ባክቴሪያን ሁሉ የሚያስቀር የሸክላ ማጣሪያ ሠራ። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ኢቫኖቭስኪ የተባለ የሩስያ ሊቅ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ በዚያው ማጣሪያ ሲያሳልፍ፣ ተጣርቶ የወረደው ጭማቂ ጤነኛውን ቅጠል እንደ ገና አሳመመው። ቫይረስ የተባለው ጠላት መታወቅ የጀመረው በዚህ ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጡና ሕፃናትን የሚያስቀምጡ ቫይረሶች በተራ የሸክላ ማጣሪያ ማለፍ ይችላሉ። ለእነዚህ ውኃን ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ይህም ጀርምን ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም በደጋ ለሚኖር ሰው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል መተው ይመከራል። ክሎሪን የሚጠቀም ሰው ደግሞ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ልክ ጠብቆ ጨምሮ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ አለበት። ውኃው ደፍራሽ ከሆነ አስቀድሞ ማስቀመጥና ማጥለል ይገባል፤ ምክንያቱም ክሎሪን ኃይሉን በጭቃው ላይ ይጨርሳል።

ክሎሪንም ቢሆን ሁሉን ቻይ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተውሳክ በክሎሪን የታከመውን የቧንቧ ውኃ አልፎ 400,000 ያህል ሰዎችን በተቅማጥ አሳመመ። ይህ ተውሳክ ክሎሪንን ይቋቋማል፤ በደቃቅ ማጣሪያ ግን ይያዛል። ስለዚህ ማጣሪያና ክሎሪን ባላንጣዎች አይደሉም፤ አንዱ የሳተውን ሌላው የሚይዝ ባልንጀሮች ናቸው።

አራተኛው ጠላት ሕይወት የሌለው ነው፤ በአገራችንም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በዝዋይና በመቂ አካባቢ፣ ከብዙ ጕድጓዶች የሚወጣው ውኃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያገኘው ብዙ ፍሎራይድ አለበት። ውኃው የጠራ ነው፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕሙም መልካም ነው። ነገር ግን በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት ብዙ ከጠጣውም አጥንቱና መገጣጠሚያው እየደረቀ ጀርባው እስከ መጕበጥ ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ጨርቅ አይዘውም፤ ተራ ሸክላ አይዘውም፤ ክሎሪን አይነካውም፤ ማፍላትማ ውኃውን እያተነነ ፍሎራይዱን ያጠነክረዋል። የሚይዘው በእሳት የከሰለ የከብት አጥንት፣ ወይም ለዚህ የተዘጋጀ አሉሚና፣ ወይም በግፊት የሚሠራው እጅግ ደቃቅ ማጣሪያ ነው። አጥንቱና አሉሚናው ከጊዜ በኋላ ስለሚጠግቡ መታደስ ይፈልጋሉ። በዚያ አካባቢ የሚኖር ቤተ ሰብ ጥሩ የሸክላ ማጣሪያ ገዝቶ ከተቅማጥ ቢድን መልካም አደረገ፤ የልጁን ጥርስና አጥንት ግን አላዳነም። በከተማ በብዛት የሚሸጠው የከሰል ማጣሪያም እንዲሁ ነው፤ የክሎሪንን ሽታ አጥፍቶ ጣዕም ያሳምራል እንጂ ብቻውን ጀርም አይገድልም።

እንግዲህ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ሻጩን እነዚህን ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይጠቀማል፦

1. ይህ ማጣሪያ የሚያስቀረው ምን ምንድን ነው? የማያስቀረውስ? (ሁሉን ያስቀራል ብሎ ከመለሰ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።)
2. የቀዳዳው መጠን ስንት ማይክሮን ነው? ይህስ በወረቀቱ ላይ ተጽፏልን?
3. በቀን ስንት ሊትር ያወርዳል? ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ለመጠጥ ብቻ 12 ሊትር ያህል ያስፈልጋል።
4. መለዋወጫው በዚሁ ከተማ ይገኛልን? በስንት ጊዜ ይለወጣል? ዋጋውስ? የተሰነጠቀ ሸክላ ማጣሪያ መሆኑ ቀርቷል።
5. የኤሌክትሪክ ኃይል ወይም የቧንቧ ግፊት ይፈልጋልን? መብራትና ውኃ በሚቋረጥበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ የተጣራውን ውኃ ማበላሸት ቀላል ነው። ልጅ ከሜዳ መጥቶ ባልታጠበ እጁ ጣሳ ቢነክርበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ክዳን ያለው፣ አፉ ጠባብ የሆነ፣ ከሥሩ ቡሽ ወይም ቧንቧ ያለው ዕቃ ከውድ ማጣሪያ ያላነሰ ጥቅም አለው። ዋጋው ግን ጥቂት ነው።

ክቡራን ወላጆች፤

እስካሁን ስለ ውኃ ተናገርን። አሁን ከውኃ ወደ አየር የሚያሻግረንን ድልድይ ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። ውኃን አፍሉ ብለናል፤ ነገር ግን የሚፈላው በምንድን ነው? በብዙ ቤት የሚፈላው መስኮት በሌለው ማድ ቤት፣ በሦስት ጉልቻ ላይ፣ በእርጥብ እንጨትና በኩበት ነው። እናት ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ ለዚያው ሕፃን ውኃ ስታፈላ፣ ሆዱን ከተቅማጥ አድናው ሳንባውን በጢስ ትሞላዋለች። በአንድ በር ያስወጣነውን ጠላት በሌላው በር አስገባነው ማለት ነው።

ይህን ማጋነን የሚመስለው ሰው ቢኖር የዓለም የጤና ድርጅትን ግምት ይስማ። በ2020 ዓ.ም. ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ230,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በጢሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከአንድ ሚሊ ሜትር አራት መቶኛ እጅ የማይበልጥ በመሆኑ አፍንጫም ጉሮሮም አይዘውም፤ እስከ ሳንባ ጥልቀት ይወርዳል። በሕፃን ላይ የሳንባ ምች፣ በትልቅ ሰው ላይ የማይለቅ ሳልና የልብ በሽታ፣ በእናት ዓይን ላይ ሞራ ያመጣል። የእናቶቻችን ዓይን መቅላትና ማልቀስ የሴትነት ዕጣ አይደለም፤ የጢስ ሥራ ነው።

ታዲያ የአየር ማጣሪያ እንግዛን? እዚህም ላይ ጠላትን ማወቅ ይቀድማል። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በአቶሚክ ሥራ ላይ ያሉትን ሰዎች ከብናኝ ለመጠበቅ የተበጀ ነው፤ 0.3 ማይክሮን ከሆነው ብናኝ ከመቶው 99.97 እጅ ያስቀራል። በከተማ መኪና በሚበዛበት መንገድ አጠገብ ለሚኖር አስም ላለበት ሰው፣ መጠኑ ለክፍሉ ስፋት የተመጠነ ሆኖ በርና መስኮቱ ተዘግቶ ቢሠራበት በእውነት ይጠቅማል። ኦዞን አወጣለሁ የሚለውን ዕቃ ግን አለመግዛት ነው፤ ኦዞን ራሱ ሳንባን ይጎዳልና። በጉልቻ አጠገብ ደግሞ የትኛውም የአየር ማጣሪያ ዋጋ የለውም፤ ወዲያው በጥላሸት ይዘጋል። ደግሞስ ሕንፃው በእሳት ሲቃጠል ጢሱን በማንኪያ እየጨለፉ ማውጣት ማን ያስባል? እሳቱን መያዝ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ከሁሉ የሚያስፈራው ጠላት የማይታየውና የማይሸተው መሆኑ ነው። ከሰል ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን ብዙ ሰው አሁን አይጎዳም ብሎ በብርድ ሌሊት ወደ መኝታ ቤት ያስገባዋል፤ በሩንም ይዘጋል። ፍሙ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህም ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ይህን ጋዝ ሄፓ አይዘውም፤ በመደብር የሚሸጥ የቤት አየር ማጣሪያ አያስቀረውም፤ በጨርቅ አፍንጫን መሸፈንም ከንቱ ነው። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ የተቀጣጠለ ከሰል ሰው በተኛበት ዝግ ክፍል ፈጽሞ እንዳያድር ማድረግ። ይህን ምክር ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ሌላውን ሁሉ እንኳ ብትረሱ፣ ንግግራችን በከንቱ አልሆነም።

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ወጥ አያጣፍጥም። ነገር ግን ጉልቻ ቢለወጥ ዓይን ይድናል፤ ሳንባ ይድናል፤ እንጨትም ይተርፋል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የሚፈጀውን እንጨት እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። «ላቀች» የተባለውም የከሰል ምድጃ ከሰል ይቆጥባል። እንጨት በቀነሰ መጠን ጢሱ ይቀንሳል፤ እንጨት ለቀማ የምትውለው እኅታችንም ለትምህርቷ ጊዜ ታገኛለች። ሆኖም የቀነሰ ጢስ የጠፋ ጢስ አይደለምና የጢስ መውጫና ፊት ለፊት የተከፈቱ ሁለት መስኮቶች ያስፈልጋሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊገዛ የሚችል ቤት ቢገዛ ከማንኛውም የአየር ማጣሪያ የበለጠ የአየር ማጣሪያ ገዛ ማለት ነው።

አቅም የሌለው ቤተ ሰብ በምን ይጀምር? ቅደም ተከተሉን እንደሚከተለው እናስባለን። ገንዘብ የማይጠይቀው ይቅደም፦ እጅ መታጠብ፣ የውኃ ዕቃን መክደን፣ የማድ ቤት መስኮት መክፈት፣ ሕፃንን ከጢስ ማራቅ፣ እንጨትን ማድረቅ፣ ፍም ይዞ አለመተኛት። ጥቂት ገንዘብ ሲገኝ ክሎሪንና ቧንቧ ያለው የውኃ ዕቃ፣ ከዚያም የተሻሻለ ምድጃ ይገዛ። የሸክላ ማጣሪያ በአራተኛ ደረጃ ይምጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ውድ ማጣሪያዎች በመጨረሻ ይታሰቡ። በስምጥ ሸለቆ የሚኖር ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የጕድጓዱ ውኃ በባለሙያ እንዲመረመር ይጠይቅ። ደግሞም የሐምቡርግና የአልቶና ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ ትልቁ ማጣሪያ ከተማው በኅብረት የሚሠራው ነው፤ የቤት ማጣሪያ የንጹሕ ቧንቧን መምጣት የምንጠብቅበት ጥላ ነው እንጂ ምትኩ አይደለም።

ውድ ጓደኞቻችን፤

ትምህርት ቤታችን ይህን ሁሉ ዓመት የቆመው የምስክር ወረቀት ለማደል ብቻ አይደለም። ፊዚክስ የተማርነው ውኃ በደጋ ለምን በአነስተኛ ሙቀት እንደሚፈላ ለፈተና ብቻ ልንመልስ አይደለም፤ ባዮሎጂ የተማርነው የባክቴሪያን ሥዕል በደብተር ለመሳል ብቻ አይደለም። ያ ዕውቀት ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ እናታችን ማድ ቤት ካልገባ፣ ተምረናል ማለት እንችላለን ወይ? በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ በትዕቢት ሳይሆን በትሕትና፣ እናትና አባትን እያከበርን፣ አንዱን ክዳን፣ አንዱን መስኮት፣ አንዱን ምድጃ እናሻሽል። የተማረ ሰው በንግግሩ ሳይሆን በቤቱ ውኃና በቤቱ አየር የሚታወቅበት ዘመን እንዲመጣ ምኞታችን ነው።